በእጅ የተቀባ የድሮ በቀቀን ሥዕል ጅማ ላይ፦ በምን ይታወቃል? እንዴትስ ይቀመጣል?

ፍሬም_ጅማ
ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የፍሬም ሥራ ነው የምሠራው። አብዛኛው የሚመጣልኝ የምረቃ ፎቶ፣ ሰርተፍኬትና የሰርግ ፎቶ ነው። በቀደም ግን አንድ አባት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ስፈታው የበቀቀን ሥዕል ሆኖ አገኘሁት። ወረቀቱ ወፈር ያለ፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ነው። ወፉ አረንጓዴ፣ ግንባሩ ቢጫ፤ ቅርንጫፍ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ተቀምጧል። ከሥሩ በላቲን ፊደል ስም አለ። አባታቸው በቡና ንግድ ዘመናቸው ከአንድ የውጭ ቡና ገዢ በስጦታ ያገኙት እንደሆነ ነገሩኝ። "ጥሩ ፍሬም አድርግልኝ፣ ሳሎን መስኮቱ ፊት ለፊት እሰቅለዋለሁ" አሉኝ።

እጄ ግን አልደፈረም። ቀለሙ ከማተሚያ ማሽን የወጣ አይመስልም። እኛ የለመድነው አሠራር ከኋላ ኮምፔንሳቶ፣ በኮላ ለጥፎ፣ መስታወቱን በቀጥታ ላዩ ላይ መጣል ነው። በዚህ ላይ ክረምት ሲገባ የጅማ ግድግዳ ራሱ ያልባል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በእጅ የተቀባ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ከሆነስ ለዚህ አየር እንዴት አድርጌ ልሥራው? እስክትመልሱልኝ ድረስ ለሰውየው ቀጠሮ አራዝሜያለሁ።

ወረቀት_ጠጋኝ
ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ኮላ ሳታስነካው ስለጠየቅህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋዜጣውን አሁኑኑ አስወግደው። የጋዜጣ ወረቀት አሲድ አለበት፤ ያ የጠርዙ ቡናማነት ከእሱ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉን በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሃል አድርገህ ጠፍጣፋ መሳቢያ ውስጥ አስተኛው፤ አትጠቅልለው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወፍ መጽሐፍ ሲሠራ ማተሚያው የሚያወጣው ባብዛኛው ጥቁሩን መስመር ብቻ ነበር። መስመሩ ወይ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ፣ ወይ በድንጋይ ላይ ተሥሎ ይታተማል። የድንጋዩን ዘዴ ያገኘው ጀርመን አገር አሎይስ ዜነፌልደር ነው፣ በ1796 አካባቢ። ነገሩ ቅባትና ውሃ አለመስማማታቸው ላይ የቆመ ነው፦ ሰዓሊው በቅባት እርሳስ ድንጋዩ ላይ ይሥላል፣ ድንጋዩ በውሃ ይረጥባል፣ የቅባቱ ቀለም ሲዳመጥበት የተሣለበት ቦታ ላይ ብቻ ይይዛል። ላባ የሚያህል ለስላሳ ነገር ለመሣል ከመዳብ ይልቅ ድንጋይ እጅግ ይመቻል።

ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ የብሩሽ ሥራ ነው። ቀቢዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ፊታቸው ሰዓሊው ራሱ ቀብቶ ያጸደቀው አንድ ናሙና ይቆማል፤ እሱን እያዩ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ቀዩን እያሉ ይቀባበላሉ። ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ የጥቂቶቹ ካልሆነ ስማቸው የትም አልተጻፈም። ስለዚህ የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ፍጹም አንድ አይሆንም።

አንተ ዘንድ ያለውን እንዲህ መርምረው። የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር ካገኘህ ቀለሙን ተመልከት። የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካየህ የማሽን ኅትመት ነው፣ ድካም የለውም። ቀለሙ እንደ ውሃ ተንጣሎ፣ ጠርዙ ላይ ደመቅ ብሎ ከደረቀ፣ አንዳንድ ቦታም ከመስመሩ ካለፈ ብሩሽ ነው። ቀጥለህ ወረቀቱን አጋድመህ በብርሃን አንጻር እየው፤ ዓይኑና መንቁሩ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ የግራር ሙጫ ነው፣ ድምቀት እንዲሰጥ ይደረብ ነበር። ሦስተኛ፣ የብር ኖት መፈተሻ መብራት ያለው ሱቅ አታጣም። እሱ ሥር አድርገው። ከ1940ዎቹና ከ50ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነጭ ወረቀት ባብዛኛው ማንጫ ኬሚካል ስላለበት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ያበራል። ከጨርቅ ቃጫ የተሠራ የድሮ ወረቀት አያበራም። መብራቱን ብዙ አታቆየው፣ ለአፍታ ይበቃል።

ፍሬም_ጅማ
ማክሰኞ ከሰዓት

መርምሬዋለሁ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ነጠብጣብ የለውም። በአጉሊ መነጽሩ ሲታይ ደረቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ሁለት ጊዜ የተደረበ ነው፦ ከሥር ሳሳ ያለ፣ ከላይ በቀጭን ብሩሽ ላባ ላባውን የተከተለ። የግራ እግሩ ጥፍር ላይ ግራጫው ከመስመሩ ወጥቶ ቅርንጫፉን ነክቷል። ሳጋድመው ዓይኑ እንደ እርጥብ ያበራል፤ ሌላው አካሉ ደብዛዛ ነው። የብር መፈተሻው ሥር ከጎኑ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አድርጌ ነበር፤ የፎቶ ኮፒው ቦግ አለ፣ የሥዕሉ ወረቀት ግን ጨለማ እንደሆነ ቀረ። የሱቁ ባለቤት ራሱ ተገርሞ ሦስት ሰው ጠርቶ አሳየ።

ከሥሩ ያለውን ስም የሚያነብ ሰው ፈልጌ "ፒዮኑስ ፍላቪፍሮንስ" ነው የሚለው ብሎኛል።

አንድ ያልገባኝ ነገር፦ የክንፉ አረንጓዴ አንድ ወገኑ ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰዓሊው ነው እንዲህ ያደረገው?

ወረቀት_ጠጋኝ
ማክሰኞ ማታ

ሰዓሊው ሳይሆን ፀሐይ ነው። በዚያ ዘመን አረንጓዴ ባብዛኛው የሚገኘው ሁለት ቀለም ተቀላቅሎ ነው፦ የፕራሻ ሰማያዊና ጋምቦጅ የሚባል ቢጫ። ጋምቦጅ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ የሚፈስ ሙጫ ነው፤ ብርሃን አይችልም። ብርሃን ሲበዛበት ቢጫው ይጠፋና ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። ወረቀቱ አንድ ወቅት አንድ ወገኑ ብርሃን ያገኘው ነበር ማለት ነው። ካርሚን የሚባለውም ቀይ እንዲሁ ነው፤ ሜክሲኮ ቁልቋል ላይ ከምትኖር ኮቺኒል ከምትባል ነፍሳት ይወጣል፣ መስኮት ፊት ሲሰቀል ይገረጣል። ነጩ ደግሞ ከእርሳስ ማዕድን (ሊድ) የሚሠራ ነው፤ ጭስ ባለበት ቤት ይጠቁራል። ስለዚህ ሰውየውን በአክብሮት አስረዳቸው፦ መስኮት ፊት ለፊት የሚባለው ነገር ጭራሽ አይሆንም።

ፍሬሙን በተመለከተ፣ ለጅማ እርጥበት ዋናው ነገር ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ነው። መስታወት ያልባል፤ ላቡ ወረቀቱን ሲያገኝ ሻጋታ ይጀምራል፣ ቀለሙም ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። በመስታወቱና በሥዕሉ መሃል መስኮት የተቆረጠለት ወፍራም ካርቶን አድርግ፤ ካርቶኑ ከአሲድ ነጻ ይሁን። ከኋላውም እንዲሁ። ኮምፔንሳቶ በቀጥታ አይንካው፣ እንጨቱ አሲድ ይተፋል። ማጣበቂያ ጨርሶ አያስፈልግህም፦ ከንጹሕ የጥጥ ወረቀት አራት ትናንሽ ሦስት ማዕዘን ኪሶች አጥፈህ የሥዕሉን ማዕዘኖች እዚያ ውስጥ አስገባ። ወረቀቱ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ኪሱ እንዲላወስ ይተወዋል፣ ኮላ ግን ይቀድደዋል። ፕላስተር ደግሞ በፍጹም! ፕላስተር የለጠፉበት ወረቀት ስንት ዘመን ተቀምጦ እኛ ጋ ሲመጣ ያለቅሳል።

ስትሰቅለው በውጭ ግድግዳ ሳይሆን በውስጥ ግድግዳ ይሁን። ከታች ሁለቱ ማዕዘን ጀርባ ትናንሽ የቡሽ ቁራጭ ለጥፍ፣ አየር ከኋላው እንዲያልፍ። ሻጋታ የሚወደው የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ጅማ በሐምሌ ምን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ።

ባዮሎጂ_ጡረተኛ
ማክሰኞ ማታ

ልጄ፣ የጅማ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያ ወፍ የእኛው ነው። ቢጫ ግንባሩ በቀቀን። ከኢትዮጵያ ደኖች ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። ከበለጠ ገራ ደን ወገን ጠዋት ጠዋት እየጮኹ ሲያልፉ የሰማ ሰው ያውቃቸዋል። ለሳይንስ ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል ነው፣ በ1845፤ ያኔ የጻፈው ልክ አንተ ያነበብከውን ስም ነው። ዛሬ የመጀመሪያው ስም ተቀይሮ ፖይሴፋለስ ሆኗል።

ሩፐል ከ1831 ጀምሮ በምጽዋ ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀ፣ ከአገራችን ብዙ የወፍ ቆዳ ፍራንክፈርት ወደሚገኘው ዜንከንበርግ ሙዚየም ያስገባ ሰው ነው። ባለ ነጭ ጉንጯን ቱራኮ፣ ወፍራም መንቁሩን ቁራ፣ ጅማ ከተማ ውስጥ ሣር ላይ ስትለቅም የምናያትን ባለ እንጥልጥል (ጉሮሮዋ ሥር የተንጠለጠለ ሥጋ ያላት) አይቢስ፣ ሰማያዊ ክንፉን ዝይ፣ እነዚህን ሁሉ ለሳይንስ ያስተዋወቀ እሱ ነው። በ1845 ያሳተመው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች መጽሐፍ 50 ሥዕል አለው፤ የሣላቸው ዮሴፍ ቮልፍ ይባላል፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረ ወጣት። በኋላ ለንደን ሄዶ በዘመኑ ካሉ የእንስሳት ሰዓልያን ሁሉ የላቀ ስም አገኘ።

አሁን የምለውን ልብ በሉልኝ። ቮልፍ ኢትዮጵያን አላየም። የቀቡትም ሰዎች አላዩም። ፊታቸው የነበረው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ደረቅ ቆዳ ነው። ላባ ሲደርቅ ብዙም አይለወጥም፤ የቱራኮን ክንፍ ውሰዱ፣ ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ነው፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች በ1869 ያገኘው፤ ሙዚየም ውስጥ መቶ ዓመት ተቀምጦም ቀይ ነው። ላባ የሌለው የአካል ክፍል ግን ወፉ በሞተ በሰዓታት ውስጥ መለወጥ ይጀምራል። ዓይን ይፈሳል፣ በጥጥ ይተካል። በዓይን ዙሪያ ያለ ቆዳ፣ መንቁር፣ እግር ይጠቁራል ወይም ይገረጣል። የአይቢሷ እንጥልጥል ተጨማዶ ክር ያክላል። አዳኙ መለያ ወረቀቱ ላይ "ዓይኑ እንዲህ ነው" ብሎ ካልጻፈ፣ ፍራንክፈርት ወይም ለንደን ያለው ቀቢ ከየት ያመጣዋል? ይገምታል። ከዚያም ያ ግምት በየመጽሐፉ እየተቀዳ ይሄዳል።

እና ልጄ፣ ያንን የሚያብለጨልጭ ዓይን በምን ቀለም ነው የቀቡት? ያደገ ወፍ ዓይን ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካናማ ነው።

ፍሬም_ጅማ
ማክሰኞ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ

ጋሼ፣ አሁን ሱቅ ተመልሼ ከፍቼ ነው ያየሁት። ቡናማ ነው። ጥርት ያለ ቡናማ፣ መሃሉ ጥቁር፣ አንድ ነጭ ነጥብ ያለበት።

ካሜራ_ያዥ
ረቡዕ ጠዋት

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዛሬ በስልክ ጥርት ያለ ፎቶ በሚነሣበት ዘመን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀቢ ዓይን ሳተ አልሳተ ለምን ያሳስበናል? ወፉን ማወቅ የሚፈልግ ፎቶ ያያል።

ባዮሎጂ_ጡረተኛ
ረቡዕ ጠዋት

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ፎቶ የዚያችን ቅጽበት ወፍ ነው የሚሰጥህ። ጀርባው ፀሐይ ከሆነ ወፉ ጥቁር ነው፤ ቅጠል ሥር ከሆነ ነጩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሥዕል ግን የብዙ ወፍ ድምር ነው። ሰዓሊው ክንፉን ትንሽ ከፈት ያደርገዋል፣ ጅራቱን ያዞረዋል፣ ለመለየት የሚያስፈልገው ምልክት ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይታያል። ዛሬም የመስክ መለያ መጻሕፍት ፎቶ ሞልቶ ሳለ በሥዕል የሚሠሩት ለዚህ ነው። ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ያየሁት ነው፦ ፎቶ ያሳየኸው ተማሪ "አየሁት" ይላል፤ የሣለው ተማሪ ግን እግሩ ስንት ጣት ወደፊት ስንት ወደኋላ እንዳለው ይነግርሃል። የበቀቀን ሁለት ወደፊት ሁለት ወደኋላ ነው።

ከሠዓሊዎችም ይህ የገባው አለ። አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ በ1926 እና 27 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ቡድን ጋር ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ወፉ እንደወደቀ፣ የዓይኑና የመንቁሩ ቀለም ሳይሸሽ፣ እዚያው ጭንቅላቱን በውሃ ቀለም ይሠራ ነበር። አገሩ በገባ በወራት ውስጥ፣ ነሐሴ 1927፣ መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተወርውረው ወድቀው ተረፉ። በ1930 ሙዚየሙ 32ቱን አሳተማቸው። የእሱን ወፎች ስታይ ዓይናቸው ያይሃል።

ሥዕል_መምህርት
ረቡዕ ከሰዓት

መምህር፣ የጻፉትን ለተማሪዎቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እኔ እዚሁ ጅማ ሥዕል አስተምራለሁ፤ ለክበባችን የሚሆን ሥራ ስፈልግ ነበር።

ሁለት ሰዎች ልጨምር። ኤድዋርድ ሊር በ1830 የበቀቀን ሥዕሎችን ማሳተም ሲጀምር ዕድሜው 18 ነበር። ለንደን መካነ አራዊት ገብቶ፣ ጠባቂው ሕያው ወፉን ይዞለት፣ ክንፉን እየለካ ነው የሣለው። 42 ሥዕል አወጣ፤ ያሳተመው 175 ቅጂ ነው። አንዱን ድንጋይ አትሞ ሲጨርስ ያጠፋውና ቀጣዩን ይሥልበት ነበር። ሕያው ወፍ ማየቱ ሥራው ላይ ይታወቃል፤ የሊር በቀቀኖች ሊናከሱ የተዘጋጁ ናቸው።

ሁለተኛዋ ኤሊዛቤት ጉልድ ናት። ባሏ ጆን ጉልድ በወፍ መጽሐፍ ዓለም ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት ድንጋይ ላይ የሣለችው ግን እሷ ናት። ልጅ እያሳደገች፣ እያረገዘች፣ ከ600 በላይ ሥዕል ሠርታ በ1841 ከወሊድ በኋላ በ37 ዓመቷ ሞተች። ሴት ተማሪዎቼ ስሟን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ለክበቡ ያሰብኩት እንዲህ ነው። የአንድ ወፍ መስመር ብቻ ያለበት ሥዕል አዘጋጃለሁ፣ ወፈር ባለ ወረቀት በሌዘር ማሽን አባዛለሁ። (የሌዘር ቀለም ውሃ አይፈራም፤ በፈሳሽ ቀለም በሚያትመው (ኢንክጄት) ፕሪንተር ከታተመ ብሩሹ ሲነካው መስመሩ ሁሉ ይፈስሳል፣ ይህን መምህራን ልብ በሉ።) ከዚያ ቦዬ እንሄዳለን። ቦዬ ረግረግ ላይ ዘውድ የደፋችው ጥቁር ክሬንና ባለ እንጥልጥሏ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጃጅም እግር ወፎች ይገኛሉ፤ የሁለተኛዋ የፊት ቆዳ ቀይና ጎርባጣ ነው፣ ልክ መምህር እንዳሉት ደረቅ ቆዳ ላይ የማይተርፍ ነገር። ልጆቹ ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር (ባይኖኩላር) እያዩ ቀለሙን በቃል ይጽፋሉ፣ ከዚያ ክፍል ተመልሰው ናሙናውን ይቀባሉ። ናሙናው ሲጸድቅ ጠረጴዛ ከብበው እንደ ድሮዎቹ ይቀባበሉታል። ማድመቂያውን የግራር ሙጫ ራሳችን እናሟሟለን፤ ገበያ ላይ አለ፣ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ማሳደር ነው።

የአድዋ_ልጅ
ረቡዕ ማታ

ደስ የሚል ውይይት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚህ አገር ወፍን በወረቀትና በብራና የማስፈር ጥበብ ከፈረንጅ መጽሐፍ ጋር አልመጣም። አድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች፣ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተሠሩ የታወቁት፣ የቀኖና ሠንጠረዦቻቸው (የአራቱን ወንጌላት ተመሳሳይ ክፍሎች የሚያስተያዩት) ቅስት ላይ ወፎች ቆመው ይታያሉ። ተማሪዎቹ ያንንም ቢያዩ ጥሩ ነው።

ስለ ኮቺኒል የተነሣውን ሳነብ ደነገጥኩ። ደቡብ ትግራይ ላይ በለሱን የበላብን ነፍሳት እሱ ነው። ስትጨፈልቃት እጅህ ደም ይመስላል።

ሰብሳቢ_24
ረቡዕ ማታ

ፍሬም_ጅማ፣ ሰውየው መሸጥ ከፈለጉ በውስጥ መስመር አናግረኝ። ሌላም እንዲህ ያለ ካለ፣ ከነመጽሐፉም ቢሆን እገዛለሁ፤ ለየብቻ ገጹን አውጥተን መሸጥ ይቻላል።

ወረቀት_ጠጋኝ
ረቡዕ ማታ

ይህን በጽኑ እቃወማለሁ። ስንትና ስንት የወፍ መጽሐፍ ያለቀው በዚህ መንገድ ነው፦ ነጋዴ መጽሐፉን ይገዛል፣ ገጹን በምላጭ ይቆርጣል፣ ሥዕሉን በፍሬም፣ በፍሬም ይሸጣል፣ ጽሑፉን ይጥላል። ወፉ የት ተያዘ፣ መቼ ተያዘ፣ ዓይኑ ምን ይመስል ነበር የሚለው ከጽሑፉ ጋር ይጠፋል። መጽሐፍ ያለው ሰው መጽሐፉን ይጠብቅ።

ፍሬም_ጅማ፣ አንተም የሥዕሉን ጀርባ እየው። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ወይም ተፍቆ የጠፋ ቦታ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ጎኑ ላይም የተቆረጠ ወይም የመርፌ ቀዳዳ ያለበት መስመር ካለ ከመጽሐፍ የወጣ ነው። ከሩፐል መጽሐፍ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ የባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪን ድረ ገጽ ተጠቀም፤ የቆዩ የተፈጥሮ ታሪክ መጻሕፍትን ስካን በነጻ ያቀርባል። ጎን ለጎን አድርገህ ቅርንጫፉን፣ የጣቶቹን አያያዝ፣ የጅራቱን ጫፍ አስተያይ። ቀለሙን አታስተያይ፣ ቀለም ከቅጂ ቅጂ ይለያያል፤ መስመሩ ግን አይለወጥም።

ሊሙ_ቡና
ሐሙስ ጠዋት

እኔ ገበሬ ነኝ፣ ሊሙ። ስለ ሥዕል አላውቅም፤ ወፎቹን ግን አውቃቸዋለሁ። እኛ ጋ ቡናው ከትልልቅ ዛፍ ሥር ነው ያለው። በቀቀኖቹ ወርካና ሾላ ሲያፈራ ነው የሚመጡት፣ ጠዋት ጭጋጉ ሲገለጥና ወደ ማታ ገደማ። ቀድሞ የሚሰማው ድምፃቸው ነው፣ ከዚያ ፍርፋሪው ከላይ ይወርዳል። ዛፉ ላይ ሆነው ቅጠል ናቸው፣ አታያቸውም፤ ሲነሡ ነው የምታያቸው። ያ ባለ ትልቅ ቀንድ መንቁሩ ወፍም አብሯቸው ይበላል፣ ክንፉ ሲመታ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

ዛፉን የሚቆርጥ ሰው አለ፣ ቡናው ብርሃን ያግኝ ብሎ። እኔ ወርካዬን አልነካሁም። መምህርት ልጆቹን ይዘሽ ብትመጪ ቤቴ ቤታችሁ ነው፣ ቡና አፈላለሁ።

ፍሬም_ጅማ
ዓርብ ማታ

የተባለውን ሁሉ አድርጌ ነው የመጣሁት።

ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ማኅተምም የተፋቀም የለበትም። የግራ ጎኑ ላይ ግን በመስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ከመጽሐፍ ወይም ከመጽሔት የወጣ ነው። ስካኑን አግኝቼ ጎን ለጎን አስተያየሁት። ቅርንጫፉ አይገጥምም፣ የእግሩ አቀማመጥም ሌላ ነው። ስለዚህ ከሩፐል መጽሐፍ አይደለም።

ሰውየው ዛሬ መጥተው ሁሉንም አስረዳኋቸው። ከስካኑ የተለየ መሆኑን ስነግራቸው ቅር አላቸው እንጂ፣ የወፉን ነገር ስነግራቸው ፊታቸው በራ። የአባታቸው ቤት ጓሮ ሾላ ነበር፣ እነዚህ ወፎች ይመጡበት እንደነበር ያስታውሳሉ። አባታቸው ይህን ስጦታ ለምን እንደወደዱት አሁን ገባኝ አሉ። ሥዕሉን አልሸጥም ብለዋል። ሳሎን የሚሰቀለውን ጥሩ አድርጌ በፎቶ ገልብጬ አትምላቸዋለሁ፤ ዋናው ከአሲድ ነጻ ካርቶን ውስጥ መሳቢያ ይገባል፣ እንግዳ ሲመጣ ያወጡታል። ካርቶኑን ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ። የጥጥ ወረቀት ኪሶቹን ዛሬ በተራ ወረቀት ተለማምጄ አጥፌያቸዋለሁ፣ ይይዛሉ።

ወረቀት_ጠጋኝ
ዓርብ ማታ

ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም። በዚያ ዘመን መጽሔትና መዝገበ ዕውቀት አንዱ የሌላውን ወፍ እየገለበጠ፣ አዲስ ቅርንጫፍ እየሰጠ ያትም ስለነበር ያንተ ወረቀት ከዚያ ወገን ይመስላል። በእጅ መቀባቱ ግን እውነት ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ላባ ላባውን ተከትሎታል። ዋጋው ምንም ይሁን ምን ያ እጅ ክብር ይገባዋል። መሳቢያው ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምርላቸው፣ ሥዕሉን እንዳይነካ ብቻ።

ባዮሎጂ_ጡረተኛ
ዓርብ ማታ

ቡናማው ዓይንም አብሮ ተቀድቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዋናውን ማንም እንዳይነካው፤ እንደ ቀቡት ይቆይ። የሰውየው ፎቶ ቅጂ ሲታተም ግን ጀርባው ላይ የወፉን የአማርኛና የሳይንስ ስም፣ የሕያው ወፉን የዓይን ቀለም፣ ጅማ አካባቢ የሚገኝ መሆኑን ጻፍበት። የልጅ ልጅ ሲገለብጠው ያገኘዋል።

መምህርት፣ ልጆቹ የቀለም ማስታወሻ ሲጽፉ "ቀይ" ብቻ እንዳይሉ አደራ። የበሰለ የቡና ፍሬ ቀይ ነው ወይስ የሚጥሚጣ? ሰዓቱን፣ ፀሐዩ ከየት እንደነበር፣ ወፉ ምን ያህል ርቀት ላይ እንደነበር ይጻፉ። እኔም ጉልበቴ እስከፈቀደ አብሬያችሁ እወጣለሁ።

ሥዕል_መምህርት
ቅዳሜ ጠዋት

መምህር፣ እርስዎ ከመጡማ ሌላ ምን እንፈልጋለን። ቦዬን ቅድሚያ እናድርገው፣ ሊሙን ደግሞ ሾላው ሲያፈራ። ሊሙ_ቡና ወንድሜ፣ ፍሬው መብሰል ሲጀምር እዚሁ ጻፍልኝ፤ የትምህርት ቤቱን ፈቃድ ቀድሜ መጠየቅ አለብኝ። ባይኖኩላር ያላችሁ የጅማ ሰዎች ለአንድ ቀን ብታውሱን እንመልሳለን፤ አሁን ያለን አንድ ብቻ ነው። ወፈር ያለ ወረቀት በጅምላ የሚሸጥ ቤት የምታውቁም ጠቁሙኝ፣ ተራው ኤ4 ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል።

ፍሬም_ጅማ
ቅዳሜ ጠዋት

ወረቀቱን ለእኔ ተይው እህቴ። ካርቶኑን ከማዝበት ቤት አብሮ ይመጣል። ልጆቹ የጨረሱትን ደግሞ መስታወቱን ሳላስነካ ፍሬም አደርገዋለሁ፤ የእጅ ሥራዬን አላስከፍልም።